ገመድ ያሉት መቀነት

ለንደን፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለፊደል መምህሬ ለመሪጌታ ወልደ አማኑኤል፣ ግሼ፣ ራቤል

የኔታ፣ ጾሙን እንዴት ያዙት? የራቤል ውርጭስ ጉልበትዎን ማረልዎት? እኔን ከጠየቁኝ በእርስዎና በእናቴ ጸሎት ቆሜ እሄዳለሁ። ለዓይንዎ ብዬ ፊደሉን አጉልቼ ስለምጽፍ ወረቀቱ ቶሎ ያልቅብኛል፤ አጠረ ብለው እንዳይቀየሙኝ።

የነርስነት ትምህርቴን ለመጨረስ ስምንት ወር ቀርቶኛል። ሕመምተኛ ማንሳትና ማገላበጥ ወገቤን ስለሚያመኝ፣ ከአገር ስወጣ እናቴ የሰጠችኝን መቀነት ዘወትር ከሥራ ልብሴ ሥር እታጠቀዋለሁ። እንግሊዞቹ ነርሶች መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን ሁለቱ “ለእኛም አስመጪልን” ይሉኛል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን በዚሁ መቀነት ስለ መጣ ጣጣ ነው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው።

አሜሪካኖች ቬትናም በምትባል አገር የሚያካሂዱትን ጦርነት በወሬ ሳይሰሙ አይቀሩም። ባለፈው እሑድ፣ የመጻጉዕ ዕለት፣ እዚህ “ጦርነቱ ይቁም” የሚል ሰልፍ ነበር። አንዲት አሜሪካዊት አብራኝ ትማራለች፤ ወንድሟ እዚያው ጦር ሜዳ ነው። “ብቻዬን አልችልም” አለችኝና አብሬያት ሄድኩ። የሕዝቡን ብዛት እንዴት ልንገርዎ! የራቤል፣ የሞላሌና የዓለም ከተማ ገበያ በአንድ ቀን ቢገናኝ አይደርስበትም። ልጅ ያቀፉ እናቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ቄሶች ሳይቀሩ ነበሩበት። እየዘመርን ነው የሄድነው።

አንድ አደባባይ ስንደርስ ግን ፊት ያሉት ጎረምሶችና በፈረስ የተቀመጡት ፖሊሶች ተፋጠጡ። እነዚህ የባንዲራ እንጨት አነሱ፣ እነዚያ ዱላ መዘዙ። በመካከላቸው አንድ አውድማ የሚያህል ባዶ ቦታ ቀርቶ ነበር። የኔታ፣ አላሰብኩበትም። እጄ ካፖርቴ ሥር ገባ። መቀነቴን ፈትቼ ወደ መሀል ሮጥኩና መሬት ላይ ዘረጋሁት፤ ጫፉ ላይ ተንበረከክሁ። እኛ አገር ወንዶች ሲማዘዙ ሴት “አትሻገሩ” ብላ የምታደርገውን ነው ያደረግኩት።

እነሱ መቼም ምን ያውቃሉ! ለአንድ አፍታ ግን ሁሉም ባለበት ቆመ። ከፈረሰኞቹ አንዱ ልጓም ሳበ። በዚያች አፍታ ፎቶ አነሱኝ። ወዲያው ከኋላ ያለው ሕዝብ ገፋና ሁሉ ነገር ተደበላለቀ። ፈረስ አልወደቀም፤ እኔንም የረገጠኝ የለም። ፖሊሶቹ ወስደው አምስት ሰዓት አቆዩኝና ለቀቁኝ። መቀነቴን ግን ያዙት።

በማግሥቱ አንድ ጋዜጣ ላይ ወጣሁ። ከፎቶዬ ሥር “አንዲት የውጭ አገር ተማሪ የፖሊስ ፈረስ ለመጣል ገመድ ስትዘረጋ” የሚል ተጽፏል። ስለዚያ ሁሉ ሕዝብ ሁለት መስመር፣ ስለ ፈረሶቹ ዘጠኝ መስመር። ቆጥሬዋለሁ። ሰዉ ለምን ወጣ፣ እዚያ አገር ማን እየሞተ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ተናድጃለሁ፣ የኔታ!

ለእናቴ እንዳትደነግጥ ቀስ አድርገው ያንብቡላት። አንድ ነገርም ይጠይቁልኝ። ልጅ ሆኜ ይህን መቀነት አንድ ሰው እንደ ተሻገረው ሰምቻለሁ። ማን ነው? ስጠይቃት ሁልጊዜ ወሬ ትለውጥብኛለች።

ልጅዎ አመተሥላሴ ጎበዜ


ራቤል፣ ሚያዝያ ፳፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ልጄ አመተሥላሴ፣ ስምሽን ያወጣሁልሽ ሥላሴ በሰው አገር ጥላ ይሁኑሽ። ትንሣኤውን በደኅና ውለናል። በልጉ ዘንድሮ አላሳፈረንም። እናትሽም ደኅና ናት፤ ሁለት በጎቿ መንታ ወለዱላትና ከእነሱ ጋር ስታወራ ትውላለች።

ደብዳቤሽን አንብቤላታለሁ። ወገብሽን በመቀነቱ እንደምትደግፊ ስትሰማ “እሰይ፣ ጠቀማት” አለች። የቀረውን ለጊዜው ይቆይ ብዬ ተውኩት።

ከሌላ ሰው እንዳልሰማ ብለሽ ነበር። ተቀድመሻል። የወረዳው ጸሐፊ አቶ አባይነህ፣ ደብዳቤሽ ከመድረሱ ሦስት ቀን አስቀድመው በበቅሎ መጥተው የአዲስ አበባ ጋዜጣ ዘረጉብኝ። ፎቶሽን ጋዜጠኞቹ ከእንግሊዞቹ ወስደው አትመውታል። የእንግሊዞቹን ቃል ገልብጠው ሲያበቁ “የአገሯን ስም ያስነቀፈች” የሚል ከራሳቸው መርቀውበታል። ዓይኔን ታውቂዋለሽ፤ ድጓውን እንኳ አሁን በቃሌ ነው የማስተምረው። እኔ ያየሁት ጥቁር ነገር፣ የፈረስ እግርና አንድ ነጭ መስመር ነው። ገመድ ነው ቢሉኝ ገመድ፣ ጅራፍ ነው ቢሉኝ ጅራፍ ነው። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ኃይለመስቀልም በራዲዮ “ሥርዓት የለሾች ከተማ በጠበጡ” ሲባል ሰማሁ ብሎኛል።

ልጄ፣ አንቺን ምን አገባሽ? የማታውቂያቸው ሰዎች በማታውቂው አገር ጉዳይ ቢጣሉ ማን ገላጋይ አድርጎ ጠራሽ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ይቅርታ በይ ካሉሽ በይና ትምህርትሽን ጨርሺ። እናትሽ ያላት አንቺን ነው። መንዝም ግሼም ሐኪም ያጣ አገር ነው፤ ወረቀትሽን ይዘሽ ስትመጪ የሚጠብቅሽ ብዙ ሰው አለ።

ስለ መቀነቱ የጠየቅሽው የቆየ ነገር ነው። የቆየ ነገር መቀስቀስ ለማንም አይበጅም።

ቢቻልሽ የቅርብ ማያ መነጽር ላኪልኝ። አቶ አባይነህ ወረቀት ባመጡ ቁጥር የሰው ዓይን መዋስ ሰለቸኝ።

አጎትሽ ወልደ አማኑኤል


ለንደን፣ ግንቦት ፳፮ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

የኔታ፣ የበልጉ ገብስ ከበረዶ ይትረፍልዎ። የእናቴ መንታ ጠቦቶችም ቀበሮ አይያቸው።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ጻፉልኝ። ጋዜጣም ከሰማይና ከንጉሥ ጋር ተቆጠረ እንዴ? አልሰማሁም ነበር።

ነገሩ ከፍቷል። ትምህርቴን የሚከፍልልኝ የበጎ አድራጎት ማኅበር ወኪሉን አቶ መኳንንትን ላከብኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሻይ ጋበዙኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ከዚያ አንድ ወረቀት አወጡ። “ፈረስ ለመጣል ገመድ ዘርግቻለሁ፤ ሌሎች መክረውኝ ነው፤ ተጸጽቻለሁ” ይላል። እስከ ነሐሴ ፩ ቀን ካልፈረምኩ ማኅበሩ ክፍያውን ያቆማል፤ ወደ አገሬ መመለሻዬን ብቻ ይችላል። ሦስት ዓመት የለፋሁበት የምስክር ወረቀት ይቀራል ማለት ነው።

ይቅርታ መጠየቅ አይከብደኝም፣ የኔታ። ፈረሱን ስላስደነገጥኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ፈረሱ ምን አጠፋ! ነገር ግን ገመድ ነው በዪ ሲሉኝ እናቴን ወንጀለኛ ናት በዪ ያሉኝ ይመስለኛል። ያንን አልልም።

ጋዜጣው ቢሮ ድረስ ሄጄ ነበር። ሸሚዙን እስከ ክርኑ የጠቀለለ አንድ ሰው ቆሞ አነጋገረኝ። “ፎቶው ላይ የሚታየው ገመድ ነው” አለኝ። “የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ መቀነት ነው” አልኩት። መቀነት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚዘረጋ ነገርኩት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና “ለዚህ ምስክር አለሽ?” አለ። እዚህ አገር ምስክር ከየት አመጣለሁ?

ፖሊስ ጣቢያም ሄድኩ። መቀነቴን ለመውሰድ መፈረም አለብኝ፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ “ገመድ፣ አንድ” ተብሎ ተጽፏል። አልፈርምም ብዬ ተመለስኩ። ወገቤን በፋሻ አስሬ ነው የምሠራው።

መነጽሩን ወደ አዲስ አበባ በሚመለስ የደብረ ብርሃን ልጅ እጅ ልኬዋለሁ። እሱ ለሞላሌ ነጋዴዎች ያደርስልዎታል። ከመነጽሩ ጋር የእንግሊዞቹን ጋዜጣ ቆርጬ አስቀምጫለሁ፤ ከአዲስ አበባው ይልቅ የጠራ ነው። አይተው ይፍረዱኝ።

ደግሞ ደብዳቤዬን ለእናቴ ሙሉውን ያንብቡላት። አሞሌ እንደሚሸርፍ ነጋዴ እየቆረሱ አይስጧት። የቆየ ነው ያሉኝንም አልተውኩትም። መቀነቱን የተሻገረው ማን ነው?

አመተሥላሴ


ራቤል፣ ሰኔ ፳ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለወይዘሪት አመተሥላሴ ጎበዜ፣ ለንደን

መጋቢት ፰ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም. በውጭ አገር በፈጸምሽው የሁከት ተግባር ቤተ ዘመድሽ በብርቱ ማዘኑን እንገልጻለን። ትምህርትሽን የሚረዳው ማኅበር ባቀረበልሽ ወረቀት ላይ ሳትፈርሚ የቀረሽ እንደሆነ ከቤተ ዘመዱ እንደ ወጣሽ እንዲቆጠር ተስማምተናል። ይህም ቃላችን ለሕዝብ እንዲታወቅ በአዲስ አበባ ጋዜጣ ይወጣል። እናትሽ ወይዘሮ ወለተኪዳንም በጣታቸው ያረጋግጣሉ።

መሪጌታ ወልደ አማኑኤል

መነጽሩ ገና አልደረሰኝም።


ለንደን፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

የኔታ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ሰላምታውን ግን ዛሬ አላስረዝመውም።

ከደብዳቤዎ የእርስዎ ሆኖ ያገኘሁት የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው። ሌላው የማን ቃል እንደሆነ አውቄዋለሁ። ቤተ ዘመዱ ሊያስወጣኝ ነው? ያስወጣኝ። ሰው በጋዜጣ ከዘመዱ የሚወጣ ከሆነ በጋዜጣም ይመለስ ይሆናል።

እናቴ ጣቷን የምታስነካው ወረቀቱ ምን እንደሚል ተነግሯት ነው? ተነግሯት ካደረገችው እቀበላለሁ። ሳይነገራት ከሆነ ግን፣ የኔታ፣ ኃጢአቱ በእርስዎ ነው።

አባቴን ሳስታውሰው ሁልጊዜ ሲያነክስ ነው። በዚያች እግሩ እያረሰ፣ በዚያች እግሩ እየወደቀ ነው የኖረው። ማን እንደ መታው አንድ ቀን አልነገረኝም። የእኛ ቤት ሰዎች ዝም ማለት እንዴት እንደምንችልበት! እኔ ግን አልፈርምም። ለአቶ መኳንንትም ነግሬያቸዋለሁ። “አስቢበት” አሉኝ፤ አስቤበታለሁ አልኳቸው።

አመተሥላሴ


ራቤል፣ ሐምሌ ፲፰ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ልጄ አመተሥላሴ፣ በዚህ ጭቃና ጭጋግ መካከል ዓይኔ በርቶልኝ እጽፍልሻለሁ። የላክሽው መነጽር ደርሷል። ያበራሽልኝ ዓይን ለአንቺም መንገድ ያብራልሽ።

ሰኔ ፳ ቀን የጻፍኩልሽን እሳት ውስጥ ጣይው። አቶ አባይነህ አጠገቤ ተቀምጠው ቃል በቃል ያስጻፉኝ ነው። በመሪጌትነቴ የማርሰውን መሬት እንደሚያስነጥቁኝ ነገሩኝ፤ ፈራሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

ሐምሌ ፲፫ ቀን እኚሁ ሰው የእናትሽን ጣት ለማስነካት የማኅተም ቀለም ይዘው መጡ። ወለተኪዳን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ፀጉር ትፈትላለች። “ምን የሚል ወረቀት ነው?” አለቻቸው። “ስለ ልጅሽ ደኅንነት ነው” አሉ። ወደ እኔ ዞረችና “የኔታ ያንብቡልኝ” አለች።

መነጽሩ ከሞላሌ የመጣው በዚያው ጧት ነበር፤ ገና ከኪሴ አላወጣሁትም። አውጥቼ ዓይኔ ላይ አደረግኩት። መጀመሪያ ያየሁት ወረቀቱን ሳይሆን ፊቷን ነው። ስንት ዓመቴ ነው የሰው ፊት አጥርቼ ካየሁ! እንዴት አርጅታለች! ያንን ፊት እያየሁ መዋሸት አልሆነልኝም። “ከቤተ ዘመድ እንደ ወጣች ይቆጠር” እስከሚለው ድረስ አነበብኩላት።

እንዝርቷን አላቆመችም። “ጣቴ ዛሬ ሥራ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ይመለሱ” አለቻቸው።

እሳቸው እንደ ሄዱ “አሁን የልጄን ደብዳቤ ሁሉ ከመጀመሪያው አምጣ” አለችኝ። አንተ አለችኝ፤ መሪጌታ ከተባልኩ ወዲህ ብላኝ አታውቅም። ያስቀረሁትን ሁሉ አነበብኩላት። ከዚያ የላክሽውን የጋዜጣ ቁራጭ በጭኔ ላይ ዘረጋሁት። አዲስ አበባዎቹ ነጭ መስመር ያደረጉት እዚህ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ጥለቱ ይታያል። ከጥለቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ በጥቁር በግ ፀጉር የተጠገነ ቀዳዳ ይታያል።

ልጄ፣ ያንን ቀዳዳ የቀደደው የእኔ ዱላ ብረት ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ ልንገርሽ። በ፲፱፻፵፪ ዓ.ም. አባትሽ ጎበዜና እኔ፣ አንድ ማኅፀን ያፈራን ወንድማማቾች፣ በርስት ድንበር ተጣላን። እርሻው መሀል ዱላ ተማዘዝን። እናትሽ አንቺን ለጎረቤት ሰጥታ እየሮጠች ደረሰች፤ መቀነቷን ፈትታ በመካከላችን ዘረጋችው። አባትሽ አየውና ዱላውን ጣለ። እኔ ግን በዱላዬ ጫፍ ቀድጄው ተሻገርኩት። ባዶ እጁን የቆመውን ወንድሜን እግሩን መታሁት።

እሱ ይቅር ብሎኝ ሞተ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ተጠግቼ መሪጌታ ተባልኩ። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር ከአንቺ ብቻ ደበቅንሽ። እናትሽ የደበቀችሽ “ፊደል የሚያስተምራት እሱ ነው፤ ጠልታው ሳትማር እንዳትቀር” ብላ ነው። እኔ የደበቅኩሽ ስለ ፈራሁሽ ነው። ምን አገባሽ ብዬ የጻፍኩልሽም ያንን ቀን ስላስታወስሽኝ ነው።

እግሯ ሥር ወድቄ ለመንኳት። “ይቅርታው ይቆይ” አለችኝ። “ልጄን ምስክር አለሽ ወይ ብለዋታል። መቀነት ምን እንደሆነ ከተሻገረው ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ተነስና መስክር።”

ሦስተኛው ቀን የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነበር። ቅዳሴ ወጥተን ስንበተን አቶ አባይነህ በቅሎ ላይ ሆነው ዳገቱን ሲመጡ አየናቸው። ለካ እናትሽ ለጽዋ ማኅበሯ ሴቶች አስቀድማ ነግራለች። አርባ አንድ ሴቶች መቀነታቸውን ፈትተው በዚያ ጭቃ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉት። ማን ያጥበዋል ያለች የለችም። አሮጊቷ ገበያነሽ፣ መራመድ ያቃታት ገበያነሽ፣ በምርኩዝ መጥታ የእሷን ከሁሉ ፊት አስቀመጠች። “ገመድ አይደል ያላችሁት? ይኸው ገመዳችን! ይሻገሩት እንጂ!” ብላ ጮኸችባቸው።

ከበቅሏቸው ወረዱ። ተቆጡ፣ ሕግ ጠሩ፣ የሁላችሁንም ስም እጽፋለሁ አሉ። “ይጻፉ፤ እኛም እየጻፍን ነው” አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ራሴም ደነቀኝ። ግን እውነቱን አልደብቅሽም። እኚያ ሰው የአገር ልጅ ናቸው፤ አልተሻገሩም። የማኅተም ቀለማቸውን ይዘው በመጡበት ተመለሱ። ወንድሜ ፊቴ ቆሞ እኔ የተሻገርኩትን የወረዳ ጸሐፊ አልተሻገረውም። እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ለብራና የማዘጋጀውን ቀለም አወጣሁና የአርባ አንዱንም ጣት አስነካሁ። ኃይለመስቀል ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። ሁለቱም ቋንቋ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ አለልሽ። ለጋዜጣው የጻፍኩት ቃል ይህ ነው፦

“እኔ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል በግሼ አገር የምኖር ነኝ። በጋዜጣችሁ ገመድ ያላችሁት መቀነት ነው። ባለቤቱም ወለተኪዳን ናት። በአገራችን ወንዶች ዱላ ሲማዘዙ ሴት መቀነቷን ፈትታ በመካከል ትዘረጋለች፤ ሰው የሆነ አይሻገርም። ይህን የማውቀው ተምሬው አይደለም። ተሻግሬው የወንድሜን እግር ስለ ሰበርኩ ነው። በፎቶው ላይ የተጠገነውን ቀዳዳ እዩት፤ ዱላው የእኔ ነበር። ልጅቱ ጠብ አላነሳችም፤ ጠብ ልታስቆም ገባች። ከዚህ በታች ጣታቸውን ያኖሩት ሴቶች ሁሉ ይህንኑ መቀነት የታጠቁ ናቸው። ጽሑፋችሁን አርሙ።”

መሬቱን ይነሱሃል ይሉኛል። ይንሱኝ፤ ቀድሞም ድንበር ስገፋ ነው ሰው ያጣሁት። አንቺ ግን አትፈርሚ። እናትሽም “እንዲህ ብለህ ጻፍ” ያለችኝ አላት፦ “መቀነቱን በስሙ ካልጻፉት አትቀበያቸው። ብርዱን ቻይው።”

የወንድሜ ልጅ ሆይ፣ ይቅር በይኝ ብዬ በወረቀት አልለምንሽም። አውቀሽው ኑሪ።

ወልደ አማኑኤል


ለንደን፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

የኔታ፣ ከዘመን ዘመን ያሸጋገረን ይመስገን። ጭቃው ደረቀ? እነዚያ ሁሉ መቀነቶች ታጥበው ነጡ?

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ነሐሴ ፰ ቀን ነው። ወረቀቱን ሳልፈርም ለአቶ መኳንንት የመለስኩት ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድሜ ነው። ስለዚህ አትፈርሚ ያሉኝን ሳልሰማ ታዝዤዎታለሁ። ማኅበሩ ክፍያውን አቁሟል። የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ግን ጠርታ “ፈተናው የማኅበርሽ አይደለም” አለችኝ። አሁን ጧት ወለል አጥባለሁ፣ ከሰዓት እማራለሁ፤ በኅዳር እፈተናለሁ። መመለሻሽን እንችላለን ብለውኝ ነበር፤ አልተቀበልኩም። በወረቀቴ ነው የምመለሰው።

የእርስዎን ቃልና የአርባ አንዱን ጣት ይዤ ጋዜጣው ቢሮ ሄድኩ። ያው ሸሚዙን የጠቀለለው ሰው ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ “ያረጀ ወሬ ነው፤ ማን ያስታውሰዋል?” ብሎ መለሰልኝ። አላተሙትም። ለአዲስ አበባውም ልኬ ነበር፤ እሱም ዝም አለ። ይህን ስነግርዎ አላፍርም። ማፈር ያለባቸው እነሱ ናቸው።

በዚያው ንዴት ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ሳጅን መዝገቡን አወጣ። ወረቀትዎን ስሰጠው ጽሑፉን ትቶ ጣቶቹን ማየት ጀመረ፤ ለካ የጣት አሻራ መመርመር የእሱ ሥራ ነው። አርባ አንዱን አንድ በአንድ በማጉያ መስተዋት አያቸው። “ሠላሳ ዓመት አሻራ ስሰበስብ ሰው ሁሉ እጁን ይሸሽግብኛል። እነዚህ ራሳቸው ናቸው የላኩት?” አለኝ። “ራሳቸው ናቸው” አልኩት። “እዚህ ላይ ወንጀሌን አምናለሁ ያለውስ?” አለኝ። “አጎቴ ነው” አልኩት።

ብዕሩን አነሳና “ገመድ” የሚለውን ሰረዘው። በምትኩ የሚጽፍለት የእንግሊዝኛ ስም ቢያጣ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። እኔም እርስዎ ባስተማሩኝ ፊደል “መቀነት፣ የወለተኪዳን” ብዬ ጽፌ ከሥሩ ፈረምኩና ተቀበልኩት። አንድ የእንግሊዝ መዝገብ ውስጥ የእናቴ ስም ተቀምጧል፤ ይንገሯት።

ስለ አባቴ እግር ብዙ ቀን አሰብኩበት። ተናደድኩብዎት፤ ከተናደድኩ በኋላ አለቀስኩ። ይቅርታውን እንደ እናቴ አቆየዋለሁ፤ ስመጣ ፊት ለፊት እንነጋገራለን። ነገር ግን ጥፋቱን በአርባ አንድ ሴቶች ፊት ጽፎ ወደማያውቀው አገር የላከ ሰው ከእርስዎ በቀር አላየሁም። የጋዜጣው ሰው ሁለት ጊዜ ያነበበው ያንን ነው። ማረም እንዴት እንደሆነ አሳይተውታል፤ ማድረጉ የእሱ ፋንታ ነው።

ጦርነቱ አልቆመም፣ የኔታ። የአሜሪካዊቷ ጓደኛዬ ወንድም በነሐሴ ሞቷል። በመጪው እሑድ፣ ጥቅምት ፲፯፣ እንደገና ሰልፍ አለ። ጋዜጦቹ ከወዲሁ “ሁከት ይፈራል” እያሉ ነው። ፈረሶቹ ይመጣሉ፣ ፎቶ አንሺዎቹም ይመጣሉ። ይምጡ። እኔም መቀነቴን ታጥቄ ከጓደኛዬ ጋር እወጣለሁ።

ይህን ለእናቴ ሳይቆርሱ ያንብቡላት። ትናንት መቀነቱን ሳጥበው ጥገናውን ጎትቼ አየሁት። አጥብቃ ነው የሰፋችው፤ እስካሁን አልተላቀቀም።

የወንድምዎ ልጅ አመተሥላሴ